ጋሽ ደቂቃ ኮምፒውተራቸውን ያፈጠኑበት ሳምንት

ከጋሽ ደቂቃ ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ስል ለስሙ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ "ይማርዎ" እላለሁ፣ ከወዲያ ደግሞ "ያኑርሽ" ይላሉ። ከሰው ጋር የምለዋወጠው ቃል ይኸው ብቻ የሚሆንበት ቀን ስላለ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ጨዋታ ይደምቅልኛል።

እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ደቂቃ ያልናቸው እኛ የሰፈር ሰዎች ነን። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸውና "አራት ሰዓት ገደማ እመጣለሁ" ያላቸውን ሁሉ "ገደማ ስንት ደቂቃ ነው?" ብለው ያፋጥጡታል። እሳቸውም እኔን ባለመርፌዋ ይሉኛል። ተቻችለናል።

ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። አንዲት ልጃቸው ለሥራ ብላ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በየእሑዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። ያወራሉ ስል፣ ይሞክራሉ። በግድግዳው የምሰማው እንዲህ ነው፦

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ አባዬ። አንተስ?"

"ደህና።"

ዝም።

"አባዬ፣ ቆመብህ?"

"እንጃ፤ ያንቺም የቆመ መሰለኝ።"

"በቃ ቆሟል። በሚቀጥለው እንገናኝ፣ እሺ?"

ምስሉ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ስኳር ልዋስ ገብቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የልጅቷ ፊት አፏን እንደከፈተች፣ አንድ ዓይኗን እንደጨፈነች እንደ ፎቶ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፅዋ ብቻ ከኋላ እየተንከላወሰ ይመጣል። እኔ ወሬያቸውን ሳልፈልግ ነው የምሰማው። እሺ፣ ፈልጌም ሊሆን ይችላል።

አንድ እሑድ ግን ንግግሩ ሌላ ሆነ። "አባዬ፣ በየሳምንቱ እየቆመ ምን ያለፋናል? እስከሚቀጥለው እሑድ ካልተስተካከለ በድምፅ ብቻ እንደዋወል" አለች። ጋሽ ደቂቃ "እሺ ልጄ" አሉ። ከዚያ በኋላ ከወዲያ በኩል ወንበር እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ሰኞ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ።

"ባለመርፌዋ፣ ክንድሽ ጤነኛ ነው?"

"ምነው ጋሼ?"

"የሚሸከም ሰው ፈልጌ ነው።"

ኮምፒውተሩን ጠጋኝ ጋ ሊወስዱት ነው። "ለምን ስልክ አይገዙም? በስልክም እኮ ፊት ይታያል" አልኳቸው።

"አርባ ዓመት ሙሉ ጥፍር የሚያህል ነገር ሳይ ኖሬያለሁ" አሉ። "የልጄን ፊት በትልቁ ነው የምፈልገው።"

አፌን ዘግቼ ተሸከምኩ። ጥቁር ሣጥን ነው፤ ልጅቷ ተማሪ ሳለች ትሠራበት የነበረ። ጎኑ ላይ የለጠፈቻት ብርማ ኮከብ እስካሁን አለች። መንገዱን ሙሉ "ቀስ፣ ኮከቧን እንዳትፍቂያት" እያሉ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ሣጥኑን ማገዝ ግን አልታሰባቸውም።

ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"አባት፣ ይሄ እኮ ሽማግሌ ነው።"

"እኔስ?" አሉ ጋሽ ደቂቃ።

"ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። የኢንተርኔት መስመርዎን አስፈትሸዋል?"

"የመስመር ሠራተኛው መጥቶ አይቶታል። ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ማሽኑ ነው ብሎኛል።"

"ልክ ነው። ምስሉን ፈትቶ ለማሳየት አቅም ያንሰዋል። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የሚያስበው ክፍል፣ ጎበዝ ነው፤ ከዚህም በላይ መሮጥ ይችላል። ተሸክሞት የሚኖረው ቦርድ ነው ርካሹ። ጎረምሳን በበሰበሰ መሰላል እንደማስወጣት ነው። አንዳንዱ ሰው ክሎኩን ከፍ ያደርገዋል፤ እኔ ግን በዚህ ቦርድ ላይ ኃላፊነት አልወስድም።"

"ክሎኩን?"

"ሰዓት ይበሉት። ውስጡ የሚመታ ሰዓት አለ። በመታ ቁጥር አንድ ሥራ ይሠራል። ቶሎ ቶሎ ሲመታ ቶሎ ይሠራል፤ ግን ይግላል።"

ጋሽ ደቂቃ ወገባቸው ቀና ሲል አየሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብለው አላየኋቸውም።

"ሰዓት ነው ያልከው?"

"አዎ አባት።"

"ሰዓት ከሆነማ የኔ ሥራ ነው። ባለመርፌዋ፣ አንሺው።"

ጠጋኙ ሳቀ፤ ከዚያ አዘነልን መሰለኝ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሦስት ነገር ጻፈ፦ ብዜቱን በአንድ በአንድ ብቻ፣ ቮልቴጁን ፈጽሞ አትንኩ፣ ሰማንያ ዲግሪ ከደረሰ አቁሙ። ማሽኑን የሚፈትን ፕሮግራምና የሙቀት ቅባት ጨመረበት፣ ሁለት ጥርስ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ አሉሚኒየሞችም ሰጠን። "እነዚህን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ጥቋቁር ኃይል አስተላላፊዎች ላይ ለጥፏቸው። በጥሩ ቦርድ ላይ ልብስ አላቸው፤ በዚህኛው ራቁታቸውን ናቸው።"

ልብስ ሲል እኔን አየኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ፤ ለካ ጣቴ ላይ የስፌት ቀለበቴን ረስቼ ነው የወጣሁት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራውን በሥዕል ብሩሽ ጠረግነው። ከውስጡ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የነበረው አሮጌ ቅባት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በጨርቅ ጠርገው ምስር የምታህል አዲስ ቅባት አስቀመጡበት። እኔ ብሆን ዳቦ ላይ እንደሚቀባ እቀባው ነበር።

ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚገባበትን ሰማያዊ ገጽ ከፈቱና ብዜቱን ፈለጉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ መቶ አለ፣ እሱ በሠላሳ አራት ይባዛል፤ ማሽኑ የሚሮጠው በዚያ ልክ ነው። ሠላሳ አራቱን ሠላሳ አምስት ያደርጉታል። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ማባዛት ግን አልጠፋኝም።

"ሠላሳ አምስት" አሉ።

"በዚህ አካሄድ እሑድ የትኛው ዓመት ላይ ነው?" አልኳቸው።

"ሰዓት ውስጥ ማፍጠኛና ማዘግያ የምትሆን ትንሽ ዘንግ አለች። ስትገፊያት በፀጉር ልክ ነው። ከዚያ ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት ታያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ችኩል ሰው ሰዓት አይከፍትም።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላል አይደለም፤ ፕሮሰሰር ነው።"

ሰዓት የሚመዘግቡበትን ጥቁር ደብተር አወጡና በአዲስ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ሙቀቱን ጻፉ። መፈተኛ ፕሮግራሙን አሰቃዩ ብለው ሰይመውታል። ማሽኑን ለአንድ ሰዓት ያለ ምንም ጥቅም ሲያደክመው ይውላል። የመጀመሪያ አሠሪዬን አስታወሰኝ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እሳቸው ሙቀቱን ያያሉ፣ እኔ እጅጌ እቀመቅማለሁ። ሥራዬን ይዤ እሳቸው ቤት መግባት የጀመርኩት እንዲህ ነው። ብርሃኑ እዚያ ይሻላል ብያቸው ነበር፤ አይሻልም።

ማክሰኞ ሠላሳ ስድስት፣ ስልሳ ስድስት ዲግሪ። ረቡዕ ሠላሳ ሰባት ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ሮጦ በራሱ ጊዜ ማዝገም ጀመረ። ፕሮሰሰሩ ሰባ እንኳ አልሞላም። ጋሽ ደቂቃ የሰዓት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጎንበስ አሉ።

"መሰላሉ ነው" አሉ። "አስተላላፊዎቹ ግለዋል። እንዳይቃጠሉ ራሱን ያዘገያል። ብልህ ነው።"

"ልንካቸው?"

"ካውያሽን በጣትሽ ነው የምትነኪው?"

"አዎ፣ ምራቅ አስነክቼ።"

"ምራቅሽን ከልጄ ማሽን አርቂ!"

እየሳቅሁ ቤቴ ሄጄ የጠረጴዛ ማራገቢያዬን አመጣሁ። እግሯ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሰው ካልያዛት በግንባሯ ትደፋለች። ስለዚህ ማራገቢያዋን ያዝኩ። ነፋሱ ሁለቱን አሉሚኒየሞች ሲያገኛቸው ማሽኑ ሳያዘግም አንድ ሰዓቱን ጨረሰ። ሐሙስ ሠላሳ ስምንትም ሆነ፤ ሰባ አራት ዲግሪ።

ዓርብ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። "እንግዲህ ካማረበት አርባ ይበሉትና እንገላገል፤ እሑድ ደረሰ እኮ" አልኩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከቤት ያስወጡኝ ነበር። እሑድ ስል ግን ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ቁልፉን ሁለቴ ተጫኑት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ማቀዝቀዣው ይዞራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም። አጠፉት፣ አበሩት። ጥቁር። እንደገና። ጥቁር።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ…"

"ጣቱ የኔ ነው" አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ "ገደልኩት። የእሷን ነገር ገደልኩት።"

ሰው ሲያለቅስ ምን እንደምል አውቃለሁ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ብርማዋን ኮከብ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። የምይዘው ስላጣሁ የማትዞር ማራገቢያ ታቅፌ ቆምኩ።

ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እሳቸው ይወቁ። ብቻ ድንገት ጎንበስ አሉና መነጽራቸውን ሰኩ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ቦርዱ ላይ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ የምታብረቀርቅ ነገር ተቀምጣለች። ባትሪ ናት። የሰዓት ባትሪ፣ ወፈር ያለችው ዓይነት። የዚያች እህቶች፣ ታናናሾቿም እኩዮቿም፣ በአንድ ቆርቆሮ ሙሉ መሳቢያቸው ውስጥ አሉ።

"ይሄ ማሽን ጠፍቶም ቀኑን የሚያስታውሰው በምን ይመስልሻል?" አሉ። "ቀኑን የምትይዝለት እሷ ከሆነች፣ ያን አጉል ቁጥርም የምትይዝለት እሷ ናት።"

ገመዱን ነቀሉ፣ ባትሪዋን በጉጠት አወጡ፣ አምስት ደቂቃ በእጅ ሰዓታቸው ቆጠሩ። ከቆርቆሮው ልኳን ፈልገው አዲስ አደረጉ። አበሩት።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። እልል ልል ከጀለኝ፤ አየት ሲያደርጉኝ ተውኩት።

ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ነው የተነሳው። ብዜቱ ወደ ሠላሳ አራት ተመልሷል። ቀኑም ተመልሷል፤ ከላይ በኩል የተጻፈው ዓመት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ያለው ነው። ጋሽ ደቂቃ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ላኩና ግማሽ መንገድ ላይ ያዙት።

"በዚህ ዓመት ባለቤቴ አለች" አሉ። "ልጄም እዚያኛው ክፍል ናት። በሩን ዘግታ ሙዚቃዋን ታስጮኻለች። እኔ ደግሞ ቀንሺ እያልኩ እጮኻለሁ።"

ሁለት ደቂቃ የዘገየ ሰዓት በሰው ግድግዳ ላይ ሲያዩ ወንበር ላይ ቆመው የሚያስተካክሉ ሰው ናቸው። ያን ዐሥራ አንድ ዓመት የተሳሳተ ቀን ግን ያፈላሁት ሻይ እስኪያልቅ አልነኩትም። እኔም ሻዬን ቶሎ አልጨረስኩም።

ቅዳሜ ቁጥሩን እንደገና በአንድ በአንድ ወጡት። ሠላሳ ስምንት ላይ መድረሱን አይተው ወደ ሠላሳ ሰባት መለሱት።

"ሠላሳ ስምንትን ችሎ የለ?" አልኩ። ከዓርቡ ጥፋት በኋላ አፌ ሊታረም ይገባ ነበር።

"ከቻለው አንድ ዝቅ። እስከ ጫፉ የተወጠረ ነገር በማግሥቱ ይበጠሳል።" ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፉት።

እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተላጭተው፣ አዝራሩን እኔ የተከልኩለትን ሸሚዝ ለብሰው ተቀመጡ። እኔ ከጠረጴዛው ጎን፣ ካሜራው በማያየኝ በኩል፣ አጭር በርጩማ ላይ ማራገቢያዬን ይዣለሁ። ክዳኑ ክፍት ነው። "ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ እንዳትዘናጊ" ተብያለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት። ልጅቷ ብቅ አለች። ከንፈሯና ድምፅዋ አብረው ሄዱ! ፀጉሯን ወደ ኋላ ስትመልስ ፀጉሯ ተመለሰ።

"አባዬ! እንዴት ጠራህ! አዲስ ገዛህ?"

"የራስሽ ነው። አፈጠንኩት።"

"ከስተሃል እኮ።"

"ድሮም እንዲሁ ነኝ። አላየሽኝም እንጂ።"

ሥራ እንዴት ነው አሉ፣ ደህና ነው አለች። ዝናብ አለ አለች፣ እዚህ የለም አሉ። ትበያለሽ ወይ፣ እበላለሁ፣ አንተስ፣ እበላለሁ። ድሮ በዚህ ሰዓት ወሬውን የሚይዙት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ጋሽ ደቂቃ ከኋላ እጃቸውን አውለብልበው ያልፋሉ፣ በቃ። አሁን እናት የለችም፤ ሁለት እጅ አውለብላቢዎች ብቻ ቀርተዋል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው አለቀ።



ልጅቷ ዓይኗን ወደ ታች ጥላ ደርቃ ቀረች። ቆመ! አልኩ በልቤ። ሙቀቱን አየሁ፤ ስልሳ ሰባት። ማራገቢያዬ ትዞራለች። ታዲያ ምን ሆነ ብዬ ስክሪኑን አተኩሬ ሳይ፣ ከልጅቷ ኋላ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ላይ ነጭ መጋረጃ። መጋረጃው በነፋስ ሞላ፣ ወረደ፣ እንደገና ሞላ።

ምስሉ አልቆመም። የቆመችው እሷ ናት።

ጋሽ ደቂቃም አዩ። መጋረጃው ላይ የተተከለ ዓይናቸውን አየሁት።

"አባዬ" አለች ቀና ሳትል፣ "ቆመብህ መሰለኝ።"

ስንት እሑድ በግድግዳው የሰማሁት ያ ቃል፣ ስንቱ የማሽኑ፣ ስንቱ የእሷ እንደነበር ማን ያውቃል? ምናልባት አንዳንዱ የእሳቸውም ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ ደቂቃ፣ ለማንም ሰው አንዲት ደቂቃ ዋሽተው የማያውቁት፣ ደረቁ። አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ፣ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሽፋሽፍታቸው እንኳ ሳይርገበገብ። ልክ እንደ ቆመ ምስል። ልጃቸው በሰላም እንድትሄድ በር እየከፈቱላት ነበር።

እኔ ጅሏ ግን እንደታዘዝኩት ማራገቢያዬን ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ። ነፋሱ ሣጥኑን አልፎ፣ ትከሻቸውን አልፎ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አግኝቶታል። ሰኔ ተነስቶ ሐምሌ ይታያል፣ ሐምሌ ተነስቶ ነሐሴ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተመልሰው ይወድቃሉ።

ልጅቷ ለመዝጋት የዘረጋችው እጅ ቆመ።

"አባዬ።"

እሳቸው ጸጥ።

"አባዬ፣ ከኋላህ ካላንደሩ ይገለባበጣል።"

ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ያንቺም መጋረጃ" አሉ።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔ ካለሁበት አይለይም። "የምለው ነገር ስለማጣ ነው አባዬ። የማልፈልግህ ሆኜ አይደለም።"

"እኔም የምለው የለኝም።"

"ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳልኩህ…"

"አትቁጠሪ። መቁጠር የኔ ሥራ ነው።" እጃቸውን ከአየር ላይ አወረዱ። "አሁን ምን ሥራ አለብሽ?"

"የታጠበ ልብስ አለ፤ የሚታጠፍ።"

"እንግዲያው እጠፊ። እኔም የምከፍታት ሰዓት አለችኝ።"

"ዝም ብለን?"

"ዝም ብለን። አይቆምም፤ ሞክሬዋለሁ።"

ከስክሪኑ ሄዳ ቅርጫት ይዛ ተመለሰች። ጋሽ ደቂቃ ጉጠታቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ነው እኔ ትዝ ያልኳቸው። የባትሪውን ቆርቆሮ ከመሳቢያ አውጥተው በማራገቢያዬ በተሰበረው እግር በኩል ሸጎጡበት፤ ሳትደፋ ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ይህ ለምን ለሁለታችንም እንዳልታየን እንጃ። በርከክ ብዬ፣ ካሜራው እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ወደ በሩ ተሳብኩ።

"አባዬ፣ ማን አለ እዚያ?"

"ማራገቢያ ነው" አሉ።

ቤቴ ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ይሞቃል፤ ማራገቢያ የለኝማ። በግድግዳው አዳመጥኩ። ወሬ የለም። ሁለት ሰዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ይሠራሉ፤ አልፎ አልፎ ጉጠት ብርጭቆ ሲነካ ጥን ይላል። የኔዋ ማራገቢያ ከወዲያ ታንጎራጉራለች።

ሳምንቱን ሙሉ ስንጠርገው የነበረው አቧራ መሰለኝ፣ አፍንጫዬን በላኝና አስነጠስኩ። እጄን መኪናው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ማራገቢያዋ ብቻ ናት የምትሰማው።

"ይማርሽ" አልኩ ለራሴ። ከዚያ የጀመርኩትን እጅጌ ቀጠልኩ።